የመንዝ ቤት ነው ካላችሁ፣ በርኖሱ የታል?

አንድ የቴሌቪዥን ድራማ በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ መንዝ ውስጥ ነው የሚፈጸመው እንበል። ተዋናዮቹ "ዘንድሮ ውርጩ ፈጀን" ይላሉ። ከጀርባቸው ያለው ቤት ግን ሌላ ነገር ያወራል። ግድግዳው ላይ አዳዲስ ሰፌዶች በመደዳ ተሰቅለዋል። ወለሉ ላይ ትኩስ ቀጤማ ተጎዝጉዟል፤ ቀኑ ግን በዓል አይደለም። ምሰሶው ንጹሕ ነው። ጣሪያው ንጹሕ ነው። ጀበናው እሳት አይቶ የሚያውቅ አይመስልም። አባወራው በስስ ሸሚዝ ተቀምጦ ስለ ብርድ ያማርራል።

መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ተቀምጦ ይህን የሚያይ ሰው አይሸወድም። "ይሄማ የባህል ምግብ ቤት እንጂ የሰው ቤት አይደለም" ብሎ ይስቃል። በምን አወቅህ ብትሉት ግን ቶሎ አይመልስላችሁም። አንድ ዕቃ ነጥሎ አይደለም ያየው። ቤቱ ውስጥ ሰው ኖሮበት እንደማያውቅ ነው የገባው።

በቴሌቪዥን ድራማ ከተዋናዩ ጀርባ ያለው ዕቃ ከየት ይመጣል? ማን ይመርጠዋል? ልብ ሳንለውስ እንዴት ይሠራብናል? ጉዳዩ ከሚመስለው በላይ ጣጣ አለው። እስቲ ቀስ እያልን እንፍታው።

መጀመሪያ የሥራ ክፍፍሉን ቶሎ እንገላገለው። በትልልቅ የውጭ ድራማዎች የድራማውን ጠቅላላ መልክ የሚወስነው ሰው ፕሮዳክሽን ዲዛይነር ይባላል። ግንባታውን የሚያስተባብረው አርት ዳይሬክተሩ ነው። ከዚያ ዲኮር ሠሪው ባዶውን ክፍል ተረክቦ የሰው ቤት ያደርገዋል። መጋረጃው፣ አልጋው፣ ፎቶው፣ በር ሥር የተጣለው ጫማ ሳይቀር የእሱ ነው። ተዋናዩ በእጁ የሚይዘው ዕቃ ደግሞ ለፕሮፕ ኃላፊው ይሄዳል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጅራፍ ዲኮር ነው። ተዋናዩ አውርዶ ካጮኸው ፕሮፕ ሆነ ማለት ነው። ስክሪፕት ሱፐርቫይዘሩ ደግሞ ከአንዱ ሾት (ካሜራው ሳይቋረጥ ካነሳው ምስል) ወደ ሌላው ምንም ነገር ቦታውን እንዳይቀይር ይጠብቃል። እኛ አገር፣ ያው፣ ይህን ሁሉ አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው የሚሸከመው። ጠዋት ሶፋ ያወርዳል፤ ማታ የጎረቤት ድስት ይመልሳል።

ጎበዝ ዲኮር ሠሪ ስክሪፕት ሲሰጡት የዕቃ ዝርዝር ለመጻፍ አይቸኩልም። መጀመሪያ ስለ ሰውየው ይጠይቃል። ይህን ማን ገዛው? መቼ? በየትኛው ገንዘብ? ማን ያጸዳዋል? የተሰበረውን ለምን አልጣሉትም?

ምሳሌ እንውሰድ። ገጸ ባሕርይዋ ከደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ እናት ናቸው። ስክሪፕቱ ላይ ያለው "ሳሎን፣ ቀን" የሚል ብቻ ነው። ዲኮር ሠሪው ምን ያስገባል?

ብርድ ልብስ ይኖራል፤ ለአንድ ሴት ከሚበቃው በላይ። ሳጥን ላይ ታጥፎ ተደርድሯል። አንደኛው ከነላስቲኩ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ይወጣል ተብሎ ዓመታት ቆይቷል። ቡፌው ውስጥ ማንም ጠጥቶባቸው የማያውቅ ብርጭቆዎች አሉ። ከአንዱ ውስጥ ቁልፍና የመድኃኒት ወረቀት ተቀምጧል። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል። ዳንቴሉ ግን በአንድ በኩል ተሰብስቦ በመርፌ ተይዟል፤ አለዚያ ሪሞቱ አይሠራም። የዘንድሮው ካላንደር ተሰቅሏል፣ ከጎኑ የአምናውም አለ። የእመቤታችን ሥዕል ስላለበት ይጣል ቢባል እሺ አይሉም። ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ የወንድ በርኖስ ተሰቅሏል። ቤቱ ውስጥ ወንድ የለም።

ስለ በርኖሱ በድራማው ማንም ምንም አይናገር ይሆናል። ካሜራውም ላያተኩርበት ይችላል። ግን ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ተመልካቹ ሳያስበው እኚህ ሴት ባል እንደነበራቸውና ልብሱን ለመስጠት እንዳልጨከኑ ይሰማዋል። ሁለተኛው የሚገርመኝ ነው፤ ተዋናይዋን ይረዳታል። የውጭ ባለሙያዎች ተመልካች የማያየውን መሳቢያ ሳይቀር የሚሞሉት ለዚህ ነው። ተዋናይዋ መሳቢያውን ስትከፍት ባዶ እንጨት ካገኘች ከቤቱ ትወጣለች። ያረጀ መታወቂያና ክር የገባበት መርፌ ካገኘች ግን እዚያው ትቆያለች።

እንግዲህ ወደ መንዙ ቤት። እዚያ ቤት የጎደለው ውበት አይደለም፤ ምክንያት ነው። በእውነተኛ ቤት እያንዳንዱ ዕቃ የመጣበት ምክንያት አለው። በሰሜን ሸዋ ደጋ የመጀመሪያው ምክንያት ብርድ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። የመንዝ ጓሳ የሚባለው የሣር ሜዳ ደግሞ 3,000 ሜትርን ያልፋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሜዳው በአመዳይ ነጥቶ ያድራል።

ብርድ ካለ መስኮቱ ትንሽ ይሆናል። መስኮቱ ትንሽ ከሆነና እሳቱ ቤት ውስጥ ከነደደ ጭሱ ይቀራል። ስለዚህ የሣር ጣሪያው ከውስጥ ጥቁር ነው፤ ጥላሸት ተንጠልጥሎበታል። ንጹሕ የሣር ጣሪያ ያለው የደጋ ቤት ትናንት የተሠራ ቤት ነው። ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ሞልቷል፣ እንጨት ነው የሚቸግረው። ክዳኑ የጓሳ ሣር ነው። ጓሳ ዝም ብሎ የበቀለ ሣር እንዳይመስላችሁ። መንዞች መቼ እንደሚታጨድና ማን እንደሚያጭድ በራሳቸው ሥርዓት እየወሰኑ ለመቶዎች ዓመታት ሲጠብቁት የኖሩት ነው። እንጨት ካነሰ ማገዶው ኩበት ይሆናል። ኩበት ደግሞ ደጅ ላይ ተከምሮ ይታያል። ደጁን የሚያሳይ ሾት ካለ የኩበት ክምር ያስፈልጋል ማለት ነው። በደንብ የተፈለጠ ግንድ ደርድሮ "ገጠር ነው" ማለት የሌላ አገር ገጠር ነው።

ከዚያ በጉ አለ። የመንዝ በግ ጸጉሩ ለሥራ ይሆናል። ሴቶቹ ይፈትሉታል፣ ወንዶቹ ይሸምኑታል። ባና፣ ዝተት፣ በርኖስ ከዚያ ይወጣሉ። መደቡ ላይ አጎዛ ወይም ቁርበት ይነጠፋል። ጥግ ላይ ያልተፈተለ ጸጉር በቁና ቢቀመጥ ስለ ቤቱ ከሰባት ሰፌድ የበለጠ ይናገራል። የሚበላውም እንደዚያው ነው። ደጋው ገብስና ባቄላ ያበቅላል፤ ስለዚህ ቆሎ፣ በሶ፣ የጠላ ጋን። ሁልጊዜ ነጭ የማኛ እንጀራ የተዘረጋበት ሞሰብ የሚቀርብ ከሆነ ቤቱ ሀብታም ነው፣ ወይም ዲኮር ሠሪው ከአዲስ አበባ ነው የመጣው።

ጉዳዩ ከባድ የሚሆነው ከጣርማ በር ስትወርዱ ነው። ጣልያን ተራራውን በስቶ የሠራውን ዋሻ አልፋችሁ፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝታችሁ ቁልቁል ከተንደረደራችሁ ሸዋ ሮቢት ትደርሳላችሁ። ከፍታው ወደ 1,280 ሜትር ወርዷል። እዚያ በርኖስ ብትሰቅሉ ሰው ይስቅባችኋል። አልጋው ላይ አጎበር ነው የሚያስፈልገው። በሩ ተከፍቶ ይውላል፣ ሰው ደጅ ጥላ ሥር ይቀመጣል፣ ማሳው ማሽላ ነው። ወደ ምንጃር ብትዞሩ ደግሞ ጤፍ ነው። ስለዚህ ስክሪፕት ላይ "ቦታ፦ ሰሜን ሸዋ" ብሎ መጻፍ ለዲኮር ሠሪ ምንም እንዳልተነገረው ነው። ዞኑ አንድ ነው፣ ቤቱ ግን አንድ አይደለም።

ሌላም ብዙ ጊዜ የማየው ነገር አለ። ታሪኩ የዛሬ ሆኖ ሳለ የገጠሩን ቤት "ባህላዊ" ለማድረግ ሲባል ቢጫው ጀሪካን ይወጣል። የፕላስቲክ ወንበሩ ይወጣል። የሶላር መብራቷ፣ የሞባይል ቻርጀሩ፣ ቴርሞሱ ሁሉ ተለቅሞ ይወጣል። ለምን? ዛሬ መንዝ ውስጥ ያለ ቤት እነዚህ አሉበት። አያት በሶላር መብራት አጠገብ ጸጉር ሲፈትሉ ማየት በኩራዝ አጠገብ ከማየት የበለጠ እኔን ያሳምነኛል። ሙዚየም ማየት ከፈለግሁ ሙዚየም እሄዳለሁ።

ስለ ማስረጀትም ትንሽ ልበል። አዲስ ዕቃን አሮጌ ማስመሰል ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ወረቀት በሻይ ወይም በቡና ይነከራል። እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል። ጨርቅ ደጋግሞ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ጀማሪ የሚሳሳተው ሁሉንም ቦታ እኩል በማቆሸሽ ነው። ቤት እኩል አያረጅም። በሩ የሚወይበው እጅ በሚነካው በኩል ነው። መደቡ የሚለሰልሰው ሰው በሚቀመጥበት ጫፍ ነው። ግድግዳው የሚጠቁረው በምድጃው በኩል ነው፤ ወዲያኛው ጥግ ደህና ነው። አንድን ቤት አይታችሁ ሰዎቹ የት እንደሚቀመጡ መናገር ከቻላችሁ ዲኮሩ ተሳክቷል።

በዚህ ጥንቃቄ ስሙ የሚነሳ አንድ የአሜሪካ ድራማ አለ። "ማድ ሜን" ይባላል፤ ታሪኩ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የሚፈጸም ነው። የድራማው ፈጣሪ ማቲው ዋይነር ሳህን ላይ የተቀመጡትን ፖሞች "ይሄ የዚያ ዘመን ፖም አይደለም፤ በጣም ትልቅ ነው" ብሎ አስቀይሯል። ያኔ ፍራፍሬው ትንሽ ነበር። የማይረባ ጭቅጭቅ ይመስላል? የገጠር ቤት ታሪክ ውስጥ ትልልቅ የፈረንጅ እንቁላል በቁና ሞልቶ ሲቀርብ አስቡት። የገጠር ሴት ወዲያው ታውቀዋለች።

ታሪኩ የድሮ ሲሆን ደግሞ ጣጣው በእጥፍ ይጨምራል። አንኮበርን እንውሰድ። እዚያ ስለነበረው የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ድራማ ልትሠሩ ነው እንበል። ንጉሡ ያረፉት በ1840 ዓ.ም. ነው። አንኮበር ሄዳችሁ ካሜራ ተክላችሁ ተራራውን ብታነሱ ምን ይገባባችኋል? ባሕር ዛፍ። ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ጊዜ፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው። ሣህለ ሥላሴ አይተውት አያውቁም። ያ የሚያምር አረንጓዴ ተራራ በግማሽ ምዕተ ዓመት ተሳስቷል ማለት ነው። ወይ በጥድና በወይራ በኩል ማዞር፣ ወይ ጠበብ አድርጎ ማንሳት፣ ወይ በኮምፒዩተር ማጥፋት ነው። የቆርቆሮ ክዳንም ያው ነው።

ደግነቱ ለዚያ ዘመን መነሻ የሚሆን ምስል አለ። ከ1833 እስከ 1835 ዓ.ም. አካባቢ በሻለቃ ሃሪስ የተመራ የእንግሊዝ ልዑክ በሸዋ ነበር። ከልዑኩ ጋር ዮሐን ማርቲን በርናትዝ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ አብሮ መጥቷል። ያየውን ሥሎ እ.ኤ.አ. በ1852 አሳትሟል። የሰዉ አለባበስ፣ የቤቱ ቅርጽ፣ ተራራው አለበት። የውጭ ሰው ዓይን ስለሆነ እንደ ወረደ መውሰድ አያዋጣም። ከአብያተ ክርስቲያናት ሥዕልና ከሽማግሌ አንደበት ጋር አስተያይቶ መጠቀም ነው። ያም ሆኖ "ምን ይመስል እንደነበር ማን ያውቃል?" ለሚል ዲኮር ሠሪ ማምለጫ የለውም።

ለቅርብ ጊዜ ታሪክ የሚያጋልጡት ነገሮች ሌሎች ናቸው። ገንዘብ አንዱ ነው። 200 ብር የወጣው በ2013 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው፤ 100 ብሩም መልኩን የቀየረው ያኔ ነው። በ2005 ዓ.ም. የሚፈጸም ታሪክ ውስጥ ነጋዴው 200 ብር ቢመዝ በቃ፣ አለቀ። ባንዲራም አለ። መሐሉ ላይ ኮከብ ያለበት ዓርማ የተደነገገው በ1988 ዓ.ም. ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሚፈጸም የቀበሌ ትዕይንት ላይ ከሊቀ መንበሩ ጀርባ እሱ ከቆመ ትዕይንቱ ፈረሰ። የምርቃት ፎቶም ቀን አለው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መቀበል የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ፣ የ1990 ዓ.ም. ሳሎን ውስጥ የእሱ ምሩቅ ሊኖር አይችልም።

ከሁሉ ተንኮለኛው ግን የስልክ ቁጥር ነው። ከ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ነው ስልካችን አሥር አሃዝ የሆነው። መንገድ ላይ የሚያልፍ ተዋናይ ከጀርባው የሱቅ ታፔላ ላይ በ09 የሚጀምር ረጅም ቁጥር ከታየ፣ ታሪኩ የደርግ ጊዜ ነው ብትሉ ማን ያምናችኋል? መንገድ ላይ ስትቀርጹ ታፔላ ነው መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት። መኪናውን ሁሉም ሰው ያየዋል፤ ታፔላውን ግን ማንም ልብ አይለውም። የሚያጋልጠውም ለዚህ ነው።

ጽሑፍ ካነሳን አይቀር፣ ከጀርባ ያለ ጽሑፍ የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 "ሆምላንድ" የተባለው የአሜሪካ ድራማ በርሊን ውስጥ የሶርያ ስደተኞች ካምፕ አስመስሎ ሠርቶ ነበር። ግድግዳው እውነተኛ እንዲመስል በዓረብኛ የሚጽፉ አርቲስቶች ተቀጠሩ። አርቲስቶቹ ድራማው ስለ ዓረቦችና ሙስሊሞች ያለውን አመለካከት አይወዱትም ነበር። ምን ጻፉ? "ሆምላንድ ዘረኛ ነው" የሚልና ሌሎችም እሱን የሚመስሉ ነገሮች። ከቀረጻው ሰዎች አንድም ያነበበው አልነበረም፤ ለእነሱ ማስጌጫ ነበር። ድራማው ተላለፈ፣ ዓረብኛ የሚያነብ ሁሉ አየው፣ ዓለም ሳቀ። የማታነበውን ጽሑፍ ከተዋናይ ጀርባ አትስቀል የሚለው ትምህርት በዚህ ዋጋ ነው የተገዛው። እኛም ጋ "ፊደሉ ቢያምር ይበቃል" ተብሎ የግዕዝ ጥቅስ የሚለጠፍበት ጊዜ አለ። ቄሱ ቤታቸው ቁጭ ብለው ያነቡታል እኮ!

ሌላው ጋዜጣ ነው። የአሜሪካ ድራማዎችን የሚከታተል ሰው አንድ ነገር አስተውሎ ይሆናል። በተለያዩ ድራማዎች የተለያዩ አባወራዎች የሚያነቡት ጋዜጣ ያው አንዱ ነው። ጥቁር ረጅም ጸጉር ያላት ሴት ፎቶ አለበት። ኧርል ሄይስ ፕሬስ የሚባል፣ ከ1915 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለፊልምና ለቴሌቪዥን የውሸት ጽሑፍ የሚያትም ማተሚያ ቤት ሥራ ነው። እውነተኛ ጋዜጣ ብታሳይ ከባለቤቱ ፈቃድ መጠየቅ አለብህ። የውሸቱን መግዛት ይቀላል፤ ከዚያ ደጋግመህ ትጠቀምበታለህ። የስልክ ቁጥርም እንዲሁ ነው። አሜሪካኖች በ555 የሚጀምሩ የተወሰኑ ቁጥሮችን ለልብ ወለድ ብቻ ለይተው አስቀምጠዋል፤ አንድ ምስኪን ሰው ሌሊቱን ሙሉ እንዳይደወልለት ነው። እኛ ጋ ግን ስክሪን ላይ ሙሉ ቁጥር ከማሳየት የመጨረሻዎቹን አሃዞች መደበቅ ይሻላል። ደዋይ አይጠፋም።

አሁን ወደ ኮንቲኒዩቲ። ከአንዱ ሾት ወደ ሌላው ነገሮች ሳይለወጡ እንዲቀጥሉ መጠበቅ ማለት ነው። ለምን ይከብዳል? ቴሌቪዥን ላይ ሦስት ደቂቃ የሚፈጅ ትዕይንት ሲቀረጽ ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል። መጀመሪያ ሁሉንም ከሩቅ ያነሱታል። ከዚያ እንደገና ወደ አንዱ ፊት ጠጋ ብለው። ከዚያ እንደገና ወደ ሌላው። በኋላ ሦስቱን ቆራርጠው ይገጥሙታል። ጠዋት የተነሣው ከሰዓት ከተነሣው ጋር ጎን ለጎን ይመጣል።

እንግዲህ የቡና ሥነ ሥርዓት በዚህ መንገድ ቅረጹ። ሲኒው ውስጥ ያለው ቡና በእያንዳንዱ ሾት ልክ መሆን አለበት። ጭሱ ልክ መሆን አለበት። አቦል ላይ የተባለው ንግግር በረካ ላይ ከተነሣ ምስል ጋር እንዳይጋጭ። ቀጤማውማ አይወራ። ጠዋት ትኩስ ነበር፤ በመብራቱ ሙቀት ከሰዓት ይጠወልጋል። ድራማው ላይ ሰውየው ቀና ሲል አረንጓዴ፣ ሴትየዋ ስትመልስለት ቢጫ ይሆናል። መፍትሔው ሁለተኛ ነዶ ቀጤማ ውኃ ውስጥ ማቆየት ነው። ወይም ደግሞ በዓል ካልሆነ አለመጎዝጎዝ! የግድግዳ ሰዓት ከሆነ ባትሪው ይወጣል፤ ትዕይንቱ በሚፈልገው ሰዓት ላይ ይቆማል። ፍሪጅም ካለ ድምፁ ስለሚገባ ይጠፋል። የድምፅ ባለሙያዎች ፍሪጁን ሲያጠፉ የመኪናቸውን ቁልፍ እዚያው ውስጥ የሚያስቀምጡት ለብልሃት ነው። መልሰው ሳያበሩ ወደ ቤት መሄድ አይችሉም።

በዚህ በኩል ባለጠጎቹም አይድኑም። በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ላይ በተላለፈው የ"ጌም ኦፍ ትሮንስ" ክፍል ዘንዶና ንግሥት ባለበት ዓለም ጠረጴዛ ላይ የወረቀት የቡና ኩባያ ቁጭ ብሎ ታየ። ጣቢያው ኤችቢኦ ቆይቶ በኮምፒዩተር አጠፋው። ከዚያ በፊት በ2006 ዓ.ም. የእንግሊዙ ድራማ "ዳውንተን አቢ" ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1924 የሚፈጸም ክፍሉን ሲያስተዋውቅ ባወጣው ፎቶ፣ ከምድጃው በላይ የፕላስቲክ የውኃ ጠርሙስ ተደርድሮ ተገኘ። ተዋናዮቹ በሳቅ አልፈውት፣ ሁሉም ጠርሙስ ይዘው ፎቶ ተነሡና ለንጹሕ ውኃ የበጎ አድራጎት ሥራ ማስተዋወቂያ አደረጉት። ጥሩ አወጣጥ ነው።

ይህ ሁሉ ድሮም ነበር። ያኔ ግን አይታይም። ኢትዮጵያ ውስጥ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር ጥቁርና ነጭ ነበር። ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ያየነው ምስል ወደ 576 አግድም መስመር ብቻ ያለው ነበር። ዛሬ ኤችዲ የምንለው 1,080 መስመር አለው። ድሮ ብዥ ያለ ነጭ ነገር የነበረው ካላንደር ዛሬ ወሩ ይነበባል። በዚያ ላይ ድራማውን በስልኩ የሚያይ ወጣት ማቆም፣ ማጉላት፣ ስክሪንሾት ማንሳት ይችላል። የጾም ወር የሚያሳይ ካላንደር ሥር ሰዎቹ ወተት ሲጠጡ ካገኘ አስተያየት መስጫው ላይ ሲፈነዳ ታዩታላችሁ።

ሆን ተብሎ የሚደበቅም አለ። "ፍሬንድስ" በሚባለው የአሜሪካ አስቂኝ ድራማ የወንዶቹ ቤት በር ላይ የምትንጠለጠል የመጻፊያ ሰሌዳ ነበረች። ሥዕሏ በየክፍሉ ይቀያየር ነበር። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ ለኒውዮርክ የእሳት አደጋ ሠራተኞች መታሰቢያ የሚሆን ጽሑፍ ታየባት። ማንም ስለሷ አላወራም፤ ያየ አየ። የካርቱን ሠሪዎች ደግሞ በታርጋና በበር ላይ ኤ113 የሚል ቁጥር ይደብቃሉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ የተማሩበት ክፍል ቁጥር ነው። እነዚህ ያስደስታሉ፤ እኔ ግን ከቤቱ ሥራ በኋላ የሚመጡ አድርጌ ነው የማያቸው። ጣሪያው ሳይጠቁር ቀልድ መደበቅ ምን ያደርጋል።

የማስታወቂያውን ነገር ሳላነሳ ብቀር ይቆጨኛል። ስፖንሰር ድራማውን ስለሚያኖረው አልፈርድበትም። ግን የደሀ ቤት ውስጥ አዲስ ፍራሽ ከነማርኩ፣ እያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ አንድ ዓይነት የታሸገ ውኃ ስሙ ወደ ካሜራ ዞሮ ሲቀመጥ፣ ያ ሁሉ የዲኮር ልፋት ገደል ይገባል። አንድ ጠርሙስ፣ ግማሹ የተጠጣ፣ ጎኑ የዞረ ቢሆን ስፖንሰሩም ይታያል፣ ቤቱም ይድናል። የአልኮል መጠጥ ከሆነ ደግሞ ሕግም አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያ በብሮድካስት እንዳይተላለፍ ከልክሏል። ጠንቃቃ ሰው የቢራውን ስም ወደ ግድግዳ ያዞረዋል።

"ገንዘብ የለንም" የሚለውን መልስ አውቃለሁ። ግን እዚህ ጋ ገንዘብ ከሚመስለው ያነሰ ነው የሚሠራው። ያረጀ ዕቃ ከአዲሱ ይረክሳል። ለአዲስ ሰፌድ መደዳ የሚወጣው ገንዘብ ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ የተለበሰ በርኖስ ፍለጋ ቢውል ይሻላል። ልውውጥም አለ፤ አዲስ ብርድ ልብስ ሰጥቶ አሮጌ ዝተት መውሰድ። ባለቤቶቹ "ይሄን አሮጌ ምን ያደርግላችኋል?" ብለው ይስቃሉ፣ ሁለቱም ወገን ግን ይጠቀማል። ከሁሉ የሚረክሰው ደግሞ በቦታው የኖረ ሰው መጠየቅ ነው። አንዲት የመንዝ እናት ቀረጻ ሳይጀመር ክፍሉ ውስጥ ገብተው "ጉልቻው እዚህ ከሆነ ጭሱ ዓይን ያጠፋል፤ ማን እንዲህ ያደርጋል?" ቢሉ፣ ያ አስተያየት ከማንኛውም መጽሐፍ ይበልጣል።

ዕቃ የምትዋሱ ከሆነ አንድ ነገር ብቻ። ከማንሳታችሁ በፊት እያንዳንዱን ዕቃ በነበረበት ቦታ ፎቶ አንሱት፣ ከማን ቤት እንደመጣም ጀርባው ላይ በወረቀት ለጥፉ። ፎቶው ለኮንቲኒዩቲም ይሆናችኋል፤ ቤቱ ውስጥ ምን የት እንደሚቀመጥ ከባለቤቱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ምጣድ ከተዋሳችሁ ደግሞ ባለቤቷ የምትጋግርበትን ቀን ጠይቁና ከዚያ በፊት መልሱ። ቀረጻው በማግስቱ የሚቀጥል ከሆነ ሁለተኛ ምጣድ ፈልጉ፤ ግን እሱም አክንባሎው ላይ ተመሳሳይ ጥላሸት ያለበት ይሁን።